ቢጫው ለምን ጠቆረ? የፈረሰኛ መኮንኖች ልብስ በጦርነት ዘመን ፎቶግራፎች

(መግቢያ ሙዚቃ። ምስል፦ በቀጭን ብረት ላይ የታተመ የአንድ ወጣት መኮንን ፎቶግራፍ። ካሜራው ከፊቱ ወደ ትከሻው ቀስ ብሎ ይወርዳል።)

ተራኪ፦ ስሙ አልተጻፈም። ከጦር ሜዳ ይመለስ አይመለስ የሚነግረን የለም። በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት የተነሱ፣ ስማቸው ያልታወቀ ወታደሮች ፎቶግራፎች በብዛት ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች የቀረላቸው ምስክር የለበሱት ልብስ ነው። ምስክሩ እውነተኛ ነው፤ የዘመኑ ካሜራ ግን ቃሉን ያጣምምበታል።

(ምስል፦ የኮት ቁልፎች በቅርበት።)

ተራኪ፦ ከቁልፎቹ እንጀምር። በ1861 በወጣው የፌዴራሉ ጦር ደንብ መሠረት የመቶ አለቃና የሻምበል ረጅም ኮት በአንድ ረድፍ 9 ቁልፎች አሉት። ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል ረድፉ ሁለት ይሆናል፤ በየረድፉም 7 ቁልፎች ይደረደራሉ። የብርጋዴር ጄኔራል በየረድፉ 8 ሲሆን ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጠጋጋሉ። የሜጀር ጄኔራል 9 ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው ይሰፋሉ። የትከሻው ምልክት ቢደበዝዝ እንኳ ቁልፎቹን በጥንቃቄ የቆጠረ ሰው ወደ ማዕረጉ ይቀርባል።

(ምስል፦ ትከሻ ላይ የተሰፋ የማዕረግ ምልክት።)

ተራኪ፦ ትከሻው ላይ ዙሪያውን በወርቅ ጥልፍ የተከፈፈ ጠባብ ጨርቅ አለ። መሀሉ ባዶ ከሆነ ባለቤቱ ምክትል መቶ አለቃ ነው። በየጫፉ አንድ አጭር መስመር ካለበት መቶ አለቃ፣ ሁለት ሁለት ካለበት ሻምበል፣ ንስር ከተጠለፈበት ኮሎኔል ነው። የጨርቁ ቀለም ደግሞ የጦር ክፍሉን ይለያል፦ ለእግረኛ ውሃ ሰማያዊ፣ ለመድፈኛ ቀይ፣ ለፈረሰኛ ቢጫ።

ካሜራው የሚያጣምመው ይህንን ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ የሚጠቀሙበት ኮሎዲዮን በብር ጨው ተነክሮ ብርሃን ሲያገኝ ለሰማያዊ ፈጥኖ ይነቃል፤ ቢጫና ቀይ ግን እምብዛም አይነኩትም። ስለዚህ ሰማያዊው ይነጣል፣ ቢጫውም ቀዩም ይጠቁራሉ። ፈረሰኛው በሱሪው ጎን የሰፋው ቢጫ መስመር በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር ይመስላል። የፈረሰኛና የመድፈኛ መኮንን ትከሻም አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። ለመለየት ባርኔጣውን መመልከት ያስፈልጋል፤ የፈረሰኛ ምልክት የተመሳቀሉ ሁለት ጎራዴዎች ናቸው። ምስሉ ጥርት ያለ ከሆነ በመኮንኑ ኮት ቁልፍ ላይ፣ በንስሩ ደረት ጋሻ ውስጥ፣ የፈረሰኛ መለያ የሆነው ሲ የተባለው የላቲን ፊደል ይነበባል።

(ምስል፦ ጎራዴ በቀኝ ጎኑ የታጠቀ የሚመስል መኮንን። ምስሉ ይገለበጣል።)

ተራኪ፦ ሁለተኛው ማጣመም የአቅጣጫ ነው። ቲንታይፕ በሚባለው በብረት ላይ በሚታተም ፎቶግራፍ፣ ምስሉ እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ለውጦ ይወጣል። በግራ የተንጠለጠለው ጎራዴ በቀኝ ይሆናል፤ በቀበቶው መቆለፊያ ላይ ያለው ጽሑፍም ተገልብጦ ይነበባል። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ወታደሮች ከመነሳታቸው በፊት ትጥቃቸውን ወደ ሌላኛው ጎን ያዛውሩ ነበር። ከመስታወት ነጋቲቭ በወረቀት የታተመው ግን አቅጣጫውን ይጠብቃል።

(ምስል፦ የጆርጅ ከስተር ፎቶግራፍ።)

ተራኪ፦ ደንቡን የተሻገሩም ነበሩ። ጆርጅ አርምስትሮንግ ከስተር እ.ኤ.አ. በጁን 1863፣ በ23 ዓመቱ ብርጋዴር ጄኔራል ሲሆን እጅጌው በወርቅ ጥልፍ የተጠላለፈ ጥቁር የከፋይ ኮት ለበሰ፤ ሰፊ ኮሌታ ያለው የመርከበኛ ሸሚዝና ቀይ ክራቫትም ጨመረበት። በውጊያ ጭስ መሀል ወታደሮቹ የት እንዳለ እንዲያዩት ፈልጎ ነበር። የሚሺጋን ፈረሰኞቹም ቀይ ክራቫት ማሰር ጀመሩ። በፎቶግራፍ ላይ ግን ያ ቀይ ጠቁሮ ይታያል፤ ታሪኩን የማያውቅ ተመልካች ተራ ጥቁር ጨርቅ ይለዋል።

ሌሎች መኮንኖች መታየቱን ሸሹት። አነጣጣሪ ተኳሾች የሚያብረቀርቅ ትከሻ ይፈልጉ ስለነበር፣ በ1864 መገባደጃ ላይ መኮንኖች በጦር ሜዳ ያንን ባለ ክፈፍ ጨርቅ ትተው የማዕረግ ምልክቱን ብቻ እንዲያደርጉ ተፈቀደ። ምልክቱ ያለ ክፈፍ ኮቱ ላይ በቀጥታ ተሰፍቶ ከታየ፣ ፎቶግራፉ ከጦርነቱ መጨረሻ ወራት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ይወርዳል። ምስል፦ ስም አልባ መኮንኖች በተከታታይ።)

ተራኪ፦ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለእውነት ሲባል ነው። ፈረሰኛውን መድፈኛ ብሎ መመዝገብ፣ ያልዋለበትን ጦር ሜዳ ሰጥቶ የዋለበትን መንፈግ ነው። ዘመዱን የሚፈልግ ቤተሰብም በተሳሳተ መዝገብ ውስጥ ሲደክም ይኖራል። ስለዚህ ንባቡ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ፎቶግራፉ በብረት ነው ወይስ በወረቀት፣ ቀጥሎ ቁልፉና ትከሻው፣ ከዚያ ባርኔጣው። ስም ፍለጋው የሚጀመረው ከእነዚህ በኋላ ነው።