ቤዝቦል ለውርርድ ጀማሪ፤ ስለ ዋጋና ስለ ዕድል የተደረገ አጭር ምርመራ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከጎፋ እስከ ጀሞ ለሚመላለስ ሰው፣ ወጣቶች በውርርድ ቤት ደጃፍ ቆመው ወይም በስልካቸው ላይ አቀርቅረው ትኬት ሲቆርጡ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ውርርዱ በአመዛኙ በእንግሊዝ እግር ኳስ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ውድድሮች በግንቦት ወር ሲያበቁ የተወራራጁ ልማድ አብሮ አያበቃም፤ በባዶው ቦታ ሌላ ስፖርት ይተካል። የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ከመጋቢት መጨረሻ አንሥቶ እስከ መስከረም ድረስ ዕረፍት የለሽ በሚባል አኳኋን ስለሚጫወት፣ ክረምቱን ጨዋታ ለሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ የተዘረጋ ገበታ ነው።

ባለፈው ክረምት ከጓደኞቻችን አንዱ ወደዚህ ገበታ ቀረበ። ጀሞ ለተከራያት ክፍል ካስቀመጠው ገንዘብ 1,000 ብር አውጥቶ፣ እያንዳንዳቸው 1.60 ኦድ የተሰጣቸውን አምስት «የማይሸነፉ» ቡድኖች በአንድ ትኬት አያይዞ ቆረጠ። አምስቱም ቢያሸንፉ 10,500 ብር ገደማ ያገኝ ነበር። በኒው ዮርክ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በእኛ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስለሚውል፣ ጓደኛችን ሳይተኛ አደረ። አራቱ አሸነፉ፤ አምስተኛው ሊነጋጋ ሲል ተሸነፈ። «ይዤው ነበር፤ አንዲቱ ጨዋታ ናት ያስበላችኝ» አለን። ኪራዩን አዋጥተን ከፈልንለት፤ አነጋገሩ ግን ከአእምሮአችን አልወጣም። በእርግጥ ይዞት ነበርን? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተጻፈ ነው። ዓላማችን ማንንም ወደ ውርርድ መጥራት አይደለም፤ ገብቶ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚገዛ አውቆ እንዲገዛ ነው።

ሀ) የጨዋታው ጠባይ

ቤዝቦል በዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች መካከል በዘጠኝ ዙር የሚደረግ ጨዋታ ነው። በየዙሩ ሁለቱም ወገኖች በተራ ይመታሉ፤ የአንዱ ወገን ተራ የሚያበቃው ሦስት ተጫዋቾች ሲወጡበት ነው። በዘጠኙ ዙር እኩል ቢሆኑ ተጨማሪ ዙር ይደረጋል። ስለዚህ በእግር ኳስ የለመድናቸው ሦስት ውጤቶች፣ ማለት ማሸነፍ፣ መሸነፍና አቻ መውጣት፣ እዚህ ሁለት ብቻ ይሆናሉ። ጀማሪው «ሁለት ብቻ ከሆነማ ቀላል ነው» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሊጉ 30 ቡድኖች ሲኖሩት እያንዳንዱ በመደበኛው ወቅት 162 ጨዋታ ያደርጋል። 100 ጊዜ ያሸነፈ ቡድን እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ሆኖም እርሱ ራሱ 62 ጊዜ ተሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ2001 የሲያትል ማሪነርስ ቡድን 116 ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ይህን ቁጥር ያለፈ ቡድን በሊጉ ታሪክ አልነበረም፤ እርሱም 46 ጊዜ ተሸንፏል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ቺካጎ ዋይት ሶክስ 121 ጊዜ በመሸነፍ በዘመናዊው የሊጉ ታሪክ ያልታየ ውድቀት ቢደርስበትም 41 ጊዜ አሸንፏል። በእግር ኳስ አርሴናል እ.ኤ.አ. በ2003/04 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን እንደ ጨረሰ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በቤዝቦል እንዲህ ያለ ነገር የሚታሰብ አይደለም። እንግዲህ ከእግር ኳስ ይዘነው የመጣነው «ትልቅ ቡድን» የሚለው እምነት በዚህ ጨዋታ እጅግ ይላላል።

ለ) ኦድን መተርጐም

ኦድ የምናገኘውን ብር ብቻ የሚነግረን ይመስለናል። በውስጡ ግን የአወራራጁ ግምት ተሸሽጎ ይገኛል። ይህን ለማውጣት 1ን ለኦዱ ማካፈል ይበቃል። 1 ለ1.60 ሲካፈል 62.5 በመቶ ይሆናል፤ ይኸውም በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሰው እንዳይከስር ቡድኑ ከ100 ጨዋታ ከ62 በላይ ማሸነፍ አለበት ማለት ነው።

አንድ ጠንካራ ቡድን ከ100 ጨዋታ 60 ያሸንፋል እንበል። በእያንዳንዱ ጨዋታ 10 ብር ያስያዘ ሰው በጠቅላላው 1,000 ብር ያወጣል፤ ስድሳ ጊዜ 16 ብር ተቀብሎ 960 ብር ይሰበስባል። ከ100 ጊዜ 60 ጊዜ ትክክል ተናግሮ 40 ብር ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ የጀማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ያሸንፋል?» ሳይሆን «ይህ ዋጋ ለዚህ ዕድል ይበቃል ወይ?» መሆን ይገባዋል።

የአወራራጁም ድርሻ በዚሁ መንገድ ይገለጣል። እኩል ናቸው የሚባሉ ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 1.90 ቢሰጣቸው፣ የሁለቱ ግምት ሲደመር 105 በመቶ ያህል ይሆናል። ሙሉው ዕድል ግን ከ100 አያልፍም። ትርፉ 5 የቤቱ ነው። ሁለቱን ግምት ደምሮ ድምሩ ለ100 የቀረበውን ዋጋ መምረጥ፣ ምንም የጨዋታ እውቀት የማይጠይቅ የመጀመሪያ ጥንቃቄ ነው።

ሐ) ወርዋሪውና ሜዳው

ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ውጤቱን ይወስናል። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚሰለፍ፣ የዛሬው ቡድንና የነገው ቡድን በስም አንድ ሆነው በአቅም ሊለያዩ ይችላሉ። የወርዋሪውን ስም ሳያይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው በቅሎውን ሳያይ በኮርቻዋ እንደሚገዛ ሰው ነው።

ሜዳውም ይታያል። የዴንቨር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ የተመታውም ኳስ ርቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዚያ ብዙ ነጥብ ይቈጠራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖር ለእኛ የስስ አየር ነገር እንግዳ አይደለም። ሆኖም ጀማሪው ይህን ስላወቀ ብቻ ብልጫ ያገኘ አይምሰለው። አወራራጁ ዴንቨርንም ወርዋሪውንም ከእርሱ በፊት ያውቃል፤ በዋጋውም ውስጥ አስገብቶታል። እውቀት የሚጠቅመው ዋጋው ያላካተተው ሲሆን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውም እውቀት በጀማሪ እጅ እምብዛም አይገኝም።

መ) ጨዋታዎችን ማያያዝ

አሁን ወደ ጓደኛችን ትኬት እንመለስ። እያንዳንዱ ቡድን 60 በመቶ ዕድል ነበረው ብንል፣ አምስቱ አብረው የሚያሸንፉበት ዕድል 0.6 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ይህም ከ100 ትኬት 8 ያህል ነው። አንድ በአንድ ቢወራረድ ኖሮ ከ100 ብር 4 ብር የነበረው አማካይ ኪሳራ፣ በማያያዙ 18 ብር ያህል ሆነ። የቤቱ ድርሻም እንደ ዕድሉ ሁሉ አብሮ ይባዛልና። በዚህ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ደንግጓል። በዚያ ስሌት ትልቁ ትኬት ቢደርሰው እንኳ ከ10,500 ብር ከ1,500 በላይ ይቀነስ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የሚከተለው ነው። አራቱ አሸንፈው አንዱ ብቻ የሚሸነፍበት ዕድል ከ100 ትኬት 26 ያህል ነው፤ ማለት ከሙሉው ድል ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ «አንዲቱ ጨዋታ አስበላችኝ» ማለት የክፉ ዕድል ታሪክ ሳይሆን ከአራት ትኬት በአንዱ ላይ የሚደርስ ተራ ነገር ነው። ጓደኛችን ይዞት አልነበረም። ለጥቂት የቀረ መምሰሉ ግን በማግሥቱ እንደ ገና እንዲቆርጥ ገፋፍቶት ነበር።

ሠ) ስለ ገንዘብ አያያዝ

ይህን ሁሉ ሰምቶም የሚጀምር ሰው ቢኖር የምንመክረው ጥቂት ነው። ቢጠፋ ከምሳ፣ ከኪራይና ከመጽሐፍ የማይነካ ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ፤ በአንድ ጊዜ ከእርሱ ከ100 አንድ ወይም ሁለት እጅ በላይ አያስይዝ፤ ጨዋታዎችን አያያይዝ፤ የቆረጠውን ሁሉ፣ የተበላውንም ጭምር፣ በደብተር ይጻፍ። የተበላውን ለመመለስ በእጥፍ ማስያዝ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። በ10 ብር ጀምሮ ስድስት ጊዜ በተከታታይ የተበላ ሰው 630 ብር አውጥቷል፤ ሰባተኛው 640 ብር ቢቀናው የሚያተርፈው ያችኑ 10 ብር ነው።

በቀድሞው ዘመን ችሎት ተከራካሪዎች በቅሎ ወይም ማር ይወራረዱ እንደ ነበር ይታወቃል። ተወራራጆቹ ሁለት ቢሆኑም፣ ማንም ይርታ ማን፣ ማሩ የሚገባው ለዳኛው ነበር። የዛሬውም ውርርድ ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ የሚለየው ዳኛው ድርሻውን አስቀድሞ በኦዱ ውስጥ መውሰዱ ነው። ስሌታችን የተመሠረተው በግምት በተወሰደ 60 በመቶ ዕድል ላይ ስለሆነ፣ የተሻለ መነሻ ያለው መምህር ወይም ተማሪ ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።