ዋግ የማይደርስለት ግጦሽ፤ የቦረና ከብት ነጋዴ ሒሳብ

የቦረና ወይፈን ከነጌሌ ወይም ከያቤሎ ገበያ ተገዝቶ አዳማና ሞጆ አካባቢ ወዳሉ ማድለቢያዎችና ቄራዎች እስኪደርስ ድረስ ደላላው፣ ነጋዴውና ባለመኪናው ያተርፉበታል፡፡ የዚህ ሁሉ ትርፍ መነሻ ግን ሣሩ ነው፡፡ «ቅንጬ» የሚባለው መጤ አረም፣ ፓርቴኒየም፣ የገበያ ጉዳይ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

አረሙ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከእርዳታ እህል ጋር ወደ አገር ውስጥ እንደገባ ይገመታል፡፡ የሐረርጌ ገበሬ «ፋራምሲሳ» ብሎታል፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደ ማለት ነው፡፡ አንዱ ተክል ብቻ ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፡፡ አረሙን የበላች ላም ወተቷ ይመርራል፤ የሥጋም ጣዕም ይበላሻል፤ በባዶ እጁ የሚነቅለውን ሰው ቆዳ ያቆጣል፡፡

ይሁንና አረሙ ጠላት አላጣም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመሩ የምርምር አሰሳዎች ፑቺኒያ አብራፕታ የተባለ ዋግ በአገራችን አረሙን እንደሚያጠቃ አረጋግጠዋል፡፡ የስንዴ ዋግ ዘመድ ቢሆንም ስንዴን አይነካም፡፡ የአረሙን ቅጠልና ግንድ ቡናማ ዱቄት እያለበሰ ያቀጭጨዋል፤ የዘሩንም መጠን ይቀንሳል፡፡ በአንዳንድ ቦታ ከአረሙ ያልተያዘ ተክል እስከማይገኝ ድረስ ተስፋፍቶ ታይቷል፡፡ በነፋስ የሚጓዝ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል፡፡

ችግሩ ሠራተኛው ቆላ አለመውረዱ ነው፡፡ ዋጉ በብዛት የተገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር ባሉ ቀዝቃዛ አካባቢዎች ሲሆን፣ ለመራባትም ቅጠል ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ጤዛ ይፈልጋል፡፡ ነጌሌ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ልክ በወሰኑ ትገኛለች፡፡ ሞያሌ ደግሞ 1,100 ሜትር ገደማ ናት፡፡ ያቤሎ በከፍታዋ ብታልፍም ደረቅነቱ አያመቸውም፡፡ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ሙቀት የሚችል ሌላ የዋግ ዓይነት ለቀዋል፤ ደቡብ አፍሪካ ይህን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፡፡ በኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቅጠል በል ጥንዚዛ ወለንጪቲ ላይ የተለቀቀች ሲሆን፣ አስቀድሞ በኑግ ላይ ጭምር ተፈትናለች፤ ኑግ የአረሙ ቤተ ዘመድ ነውና፡፡

ታዲያ የቆላው ነጋዴ ምን ያድርግ? ከብት ጭኖ ወደ አዳማ የወጣ መኪና ሲመለስ ድርቆሽ ወይም ጭድ ሊጭን ይችላል፡፡ በ2020–2023 (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ጊዜም ወደ ቦረና ብዙ መኖ በመኪና ገብቷል፡፡ የአረሙ ዘር የሚጓዘው እንዲህ ባለው ጭነት ነው፤ የሚያርፈውም በተጋጠ መሬት፣ በመንገድ ዳርና በከብት ገበያ ዙሪያ ነው፡፡ ስለዚህ ድርቆሽ ገዢ ከየት እንደታጨደ መጠየቅ፣ አረም ያለበትን አለመቀበል፣ ጭነቱን ከግጦሽ ራቅ ብሎ አራግፎ የመኪናውን ወለል መጥረግ ይኖርበታል፡፡ የበቀለውንም አበባ ሳያወጣ በጓንት መንቀል ነው፡፡

በደጋው ዋጉ በነፃ የሚሠራውን በቆላው ነጋዴው ከኪሱ ይሸፍናል፡፡ በድርቆሽ ዋጋ ላይ የተገኘች ጥቂት ብር ቅናሽ፣ አረሙ ግጦሹን ከወረሰ በኋላ ኪሳራ እንጂ ትርፍ አትሆንም፡፡