ጉልበቱን አስፋልት የሚያስጨብጠው ጎማው ነው
የኤሌክትሪክ መኪና የጎማ ገበያውን ሂሳብ እየለወጠው ነው

የሰኔ ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ዳገት ላይ የትራፊክ መብራት የያዘው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አረንጓዴ እስኪበራ ይጠባበቃል። በራ። ሾፌሩ እግሩን ጣል ያደርጋል፤ የፊት ጎማዎቹ ይጮሃሉ፤ መኪናው ግን ባለበት ይንገዳገዳል። አጠገቡ የቆመው አሮጌ ቪትዝ ቀስ ብሎ ተነስቶ ቀድሞት ይሄዳል። ለመሆኑ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የወጣበት ጉልበት የት ገባ?

መልሱ ከሞተሩ ዘንድ አይገኝም። መኪናን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት ጎማዎች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ደግሞ ከአንድ ሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ አስፋልቱ ላይ የሚደርሰው በእነዚያ አራት መዳፎች የሚያልፈው ብቻ ነው። የተረፈው ጭስ፣ ጩኸትና ያለጊዜው ያለቀ ጎማ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ ቀድሞ የጥቂት ፈጣን መኪና ወዳዶች ጭንቀት ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቁ ወዲህ ግን ጉዳዩ የቤተሰብ መኪና የገዛው ሁሉ ጉዳይ ሆኗል። የመኪና ነጋዴው፣ ደላላውና የጎማ አስመጪው ሊያውቁት የሚገባ አዲስ ሂሳብ መጥቷል።

ከፍታ የማይቀንሰው ጉልበት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። የአዲስ አበባ ሾፌር እግሩን የለመደው በዚህ በተቀነሰ ጉልበት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። ፋብሪካው የጻፈለትን ጉልበት እንጦጦ ጫፍም ቢሆን አይቀንስም። በዚያ ላይ ጉልበቱ የሞተሩን መፍጠን አይጠብቅም፤ እግር በተጣለበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ይመጣል።

ሁለት በከተማው የሚታወቁ መኪኖችን ማነጻጸር ይቻላል። 150 ኪሎ ዋት የሚያመነጩት የቮልስዋገን አይዲ 4ና የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ሞተሮች የመጠምዘዝ ጉልበታቸው እኩል 310 ኒውተን ሜትር ነው። ልዩነቱ አይዲ 4 የሚገፋው በኋላ ጎማ፣ ዩዋን ፕላስ የሚጎትተው በፊት ጎማ መሆኑ ነው። መኪና ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል። ዳገት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የኋላ ጎማ ነጂው በሚነሳበት ጊዜ ጎማው መሬት ላይ ይጫንለታል፤ የፊት ጎማ ነጂው ግን በሚያስፈልገው ሰዓት ይቀልበታል። በዳገቱ ላይ የሚጮሁት ጎማዎች የፊቶቹ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

የመያዝ ሂሳብ

ሂሳቡ የነጋዴ ሂሳብ ነው፤ ገቢና ወጪ አለው። ገቢው ጎማው ላይ የተጫነው ክብደት ነው። በነጂዎቹ ሁለት ጎማዎች ላይ 1,000 ኪሎ ቢጫን ጥሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት እስከ 800 ኪሎ የሚደርስ ግፊት ሳይንሸራተት ሊያስተላልፍ ይችላል። በእርጥብ አስፋልት ይኸው ቁጥር ወደ 500 ይወርዳል፤ ጭቃ የለበሰ መንገድ ላይ ከ300 በታች ሊሆን ይችላል።

ወጪው ሞተሩ የሚጠይቀው ነው። በሞተሩና በጎማው መካከል ያለው ጥርስ 310 ኒውተን ሜትሩን አሥር እጥፍ ያበዛዋል ብንል፣ ጎማው መሬቱን እንዲገፋ የሚጠየቀው ኃይል ከ900 ኪሎ ይበልጣል። ገቢው 500፣ ወጪው 900። በዝናብ ጊዜ ሂሳቡ ከስሮ የሚያድረው ለዚህ ነው። መኪናው ላይ የተገጠመው የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ኪሳራውን የሚያቃልለው ጉልበቱን በመቀነስ ነው። ወጪ ይቆርጣል እንጂ ገቢ አያመጣም። ገቢ የሚያመጣው ጎማው ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ በመነሳት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በመታጠፍም ሆነ በመቆም ጊዜ የሚሠራው ይኸው መዳፍ ነው። ሲነሳ የሚንሸራተት ጎማ ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል።

ከተማው የሚያወራቸው መፍትሔዎች

መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «አየር ቀንስለት» የሚል ነው። ምክሩ መነሻ አለው። በቀጥታ መስመር የሚወዳደሩ መኪኖች ለዚያው በተሠራ ለስላሳ ጎማ ላይ አየር ቀንሰው ይነሳሉ። የጎዳና መኪና ግን ከመነሻው መስመር አልፎ ወደ አዳማ ይሄዳል። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአውሮፕላን ጎማ ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ጎማ በተኛ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከአየሩ መጠን ጋር ይያያዛል። ስሌቱ ለመኪና በግምት የሚሠራ ነው፤ 36 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ወደ 25 ሲወርድ ግን 83 ላይ ይንሳፈፋል። በአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ብዙዎች ከዚህ በላይ ነው የሚነዱት። በዚያ ላይ አየር ያነሰው ጎማ ይሞቃል፣ ጠርዙ ቶሎ ያልቃል፣ የባትሪውንም ጉዞ ያሳጥራል።

ሁለተኛው «ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ አስገባ» የሚለው ነው። የአየሩ መጠን ካልተቀየረ ሰፊ ጎማ መሬት የሚነካበትን ቦታ ብዙም አያሳድገውም፤ ቅርጹን ከቁመት ወደ ስፋት ይለውጠዋል። በደረቅ መንገድ ጥቅም አለው። በዝናብ ግን ውሃውን ሰንጥቆ ከማለፍ ይልቅ ላዩ ላይ ለመንሳፈፍ ይቀርባል። ትልቅ ቸርኬ ሲገባ የጎማው ጎን ስለሚያጥር የመንገዱ ጉድጓድ ቸርኬውን በቀላሉ ይመታዋል። ለዓይን ያምራል፤ ለኪስ አያምርም።

ሦስተኛው ሻንጣው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት መጫን ነው። ይህ ለፊት ጎማ ነጂ ጭራሽ ተቃራኒ ነው። ከኋላ የተጫነው ፊቱን ያቀልለዋል። ለኋላ ጎማ ነጂም ቢሆን ለመነሳት የጠቀመው ክብደት መኪናውን ለማቆምም ሆነ ለማጠፍ ተጨማሪ ዕዳ ይሆናል።

ከነፃው ወደ ውዱ

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከማይከፈልበት ይጀምራል። በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚገባውን አየር ይናገራል። መለካት ያለበት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲለወጥ በጎማው ውስጥ ያለው መጠን ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ይለዋወጣልና የበጋው ልኬት ለክረምቱ ጠዋት አይሆንም። ሌላው ነፃ ነገር እግር ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጉልበቱን የሚያለሰልስ የቁጠባ ወይም የበረዶ መንዳት ምርጫ አላቸው። የበረዶው ምርጫ ለእርጥብ ኮብልስቶን ያገለግላል። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ባትሪውን እየሞላ መኪናውን የሚይዘውም ኃይል በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ነጂ ጎማዎቹን ሊያንሸራትት ስለሚችል ዝቅ ማድረጉ ይበጃል።

ቀጥሎ ጥቂት የሚያስወጣው ይመጣል፤ የጎማ አቀማመጥን ማስተካከልና ያረጀ ሾክ አብዞርበር መቀየር። መንገድ ላይ የሚነጥር ጎማ በነጠረ ቁጥር መሬት ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ምንም አይዝም።

ገንዘቡ በመጨረሻ የሚፈሰው ጎማው ላይ ነው።

ጎማው ራሱ የሚናገረው

ሱማሌ ተራም ሆነ ሌላ ሱቅ የገባ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ልኩንና ዋጋውን ነው። ጎማው ግን ጎኑ ላይ የተጻፈ ብዙ ነገር አለው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ጎማ ላይ «ትሬድዌር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቁጥር አለ። 100 መነሻው ነው፤ 400 የተጻፈበት በፈተናው መንገድ ላይ መነሻ ከሆነው ጎማ አራት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ለስላሳ ነው፤ መሬት ይቆነጥጣል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። 200 አካባቢ የሆነው የስፖርት ጎማ ነው፤ የዕለት ተዕለት ጎማዎች ከ400 እስከ 600 ሲደርሱ ይታያሉ።

ከጎኑ «ትራክሽን» በሚል የሚጻፈው ፊደል በእርጥብ አስፋልትና በእርጥብ ኮንክሪት ላይ በቀጥታ መስመር ሲቆም የሚይዘውን መጠን ያሳያል። ከሁሉ የሚበልጠው ድርብ ኤ ነው፤ ከዚያ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይከተላሉ። ፈተናው መታጠፍን አይለካም። የሆነው ሆኖ ጉልበተኛ መኪና ይዞ ክረምቱን ለሚያሳልፍ ሰው ድርብ ኤ ወይም ኤ ከቸርኬው ማብለጭለጭ ይበልጣል።

ከልኩ ቀጥሎ የሚገኘው ቁጥር የሚሸከመውን ክብደት ይነግራል። 91 ማለት በአንድ ጎማ 615 ኪሎ፣ 95 ማለት 690፣ 100 ማለት 800 ኪሎ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ስለሚያከብደው ልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም ለቀላል የቤንዚን መኪና የተሠራው ጎማ ላይበቃው ይችላል። ልኩን ብቻ አይቶ ርካሹን ማንሳት አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ግን ዕድሜው ነው። «ዶት» ከሚሉት ፊደላት በኋላ ከሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለተኞቹ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያሉ። 2319 ቢል ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጎማ እንደ ብረት አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ይደርቃል። የደረቀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ መሬት አይቆነጥጥም። ታዋቂ አምራቾች ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ እንዲጣል ይመክራሉ። በቀለም የጠቆረ ጎማ ገዢን ሊያታልል ይችላል፤ አራቱ አኃዞች ግን ዕድሜውን ይናገራሉ።

ጥርሱም ቢሆን ገደብ አለው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኖረዋል። በአውሮፓ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ 1.6 ነው፤ በዝናብ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ውሃ የማስወጣት አቅሙ ብዙ ቀንሷል።

ለነጋዴው ምን ይተርፋል?

ጎማ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ የተሳሳተ ኮንቴይነር ቀድሞ ከነበረው የበለጠ ብር ያስራል። ጉልበተኛ መኪና በበዛበት ከተማ ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ቀኑ የገፋ ጎማ በቅናሽ መግዛት ነው። ገዢው አራቱን አኃዞች ማንበብ በጀመረ ቀን ያ ክምችት ዋጋውን ያጣል። ሁለተኛው በአራት አራት ማምጣት ነው። አይዲ 4ን የመሰሉ መኪኖች በብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው ከፊት 235፣ ከኋላ 255 ስፋት ያለው ጎማ ይጠቀማሉ። የፊቱን ወደ ኋላ ማዘዋወር አይቻልም። የሚነዳው የኋላው ስለሆነም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ለእንዲህ ያለው መኪና እኩል ቁጥር ያስመጣ ነጋዴ የኋላውን ሸጦ ሲጨርስ የፊቱ መጋዘን ውስጥ ዕድሜውን ይቆጥራል።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያገበያይ ደላላም ከባትሪው ጤና ቀጥሎ የጎማውን ቀንና ጥርስ ቢያነብ ከብዙ ክርክር ይድናል። የነጂዎቹ ጎማዎች ከሌሎቹ በጣም ቀድመው ካለቁ የቀድሞው ባለቤት እግር ከባድ እንደነበር ይመሰክራሉ፤ የጎማው ዋጋም ከመኪናው ዋጋ ላይ ሊነሳ ይገባል።

ብዙ ሰው ጎማ የሚገዛው ዝናቡ ከጀመረና መኪናው አንድ ጊዜ ካንሸራተተው በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ሱቁ ያለውን ይሸጣል፤ ገዢውም ያገኘውን ያነሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ የተገዛው ጎማ በችኮላ ያልቃል። በግንቦት አየሩን ያስለካ፣ ጥርሱን ያየና አራቱን አኃዞች ያነበበ ሰው ግን በሰኔው ዳገት ላይ መብራቱ ሲበራ ያለ ጩኸት ተነስቶ ይሄዳል።