የወላድ ጉዳትና የሐኪም ጥፋት

በጨው ባሕር በስተሰሜን ካለው ከአርቦሬ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ጂንካ ሆስፒታል እስክትደርስ ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ በመንገድ ርቀት ወይም በደም እጦት የደረሰ ጉዳት እጅግ ቢያሳዝንም፥ የሐኪሙ በደል ነው ተብሎ አይፈረድበትም። ነገር ግን ደም እየፈሰሳት የሚጠብቃት ብታጣ፥ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ሲገባ ችላ ቢባል፥ ይህ ጥፋት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2031ኛው አንቀጽ፥ ባለሙያ የሙያውን ሥርዓት ይጠብቅ ዘንድ ያዝዛል። እንግዲህ ሦስት ነገር ይመርመር፤ ሥርዓቱ ተጥሷልን? ጉዳት ደርሷልን? ጉዳቱስ ከዚያ ጥፋት የመጣ ነውን? ሦስቱም ከተገኙ ካሣ ይገባል። ከውል ውጭ በሆነ ኀላፊነት ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ በ2143ኛው አንቀጽ ሁለት ዓመት ብቻ ነውና፥ ሹምም ካህንም ኀዘንተኛው ቤተ ሰብ የሕክምናውን መዝገብ ሳይዘገይ እንዲጠይቅ ሊመክሩት ይገባል።