ለአሮጌ አውቶቡስ ምትክ ካምቢዮ ስለ መምረጥ

ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ዙር ከጎማው ዙር ጋር የሚያስማማ የጥርሶች ሳጥን ነው። ሞተር እጅግ ቀስ ብሎ ሲዞር ኃይል ያንሰዋል፤ ከተወሰነለት ዙር ሲያልፍ ደግሞ ይጎዳል። ጎማ ግን ከቆመበት ተነሥቶ ዳገት መውጣትም፤ በሜዳ ላይ መሮጥም አለበት። እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቅ ካምቢዮ ነው። ይህም ጽሑፍ አሮጌው ካምቢዮ በሌላ በሚተካበት ጊዜ ምርጫው በምን መመራት እንደሚገባው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ለመሣሪያዎቹ ስም በአገራችን ጋራዦች ከጣልያንኛ ተወስደው የተለመዱትን ቃላት እንጠቀማለን።

በአሜሪካ አገር ከመንገደኛ አገልግሎት የተሰናበቱትን አውቶቡሶች እየገዙ፤ ወንበራቸውን አውጥተው አልጋና ምድጃ በማስገባት ተንቀሳቃሽ ቤት የሚያደርጓቸው ሰዎች አሉ። ለዚህ ተግባር ከሚወደዱት አንዱ የጄኔራል ሞተርስ ፒ.ዲ. 4104 ነው። ይህ አውቶቡስ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ተሠርቷል። ሞተሩ ዲትሮይት ዲዝል 6-71 ይባላል፤ ትርጓሜውም ስድስት ሲሊንደሮች፤ እያንዳንዳቸው 71 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው፤ በድምሩ 7 ሊትር ያህል ይሆናል። በሁለት ምት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነው። ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ነው። ዕድሜው ከስድሳ ዓመት ያለፈ ካምቢዮ ጥርሱ ቢበላ ወይም ኩሽኔታው ቢያልቅ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግዲህ ባለቤቱ ምን ይምረጥ?

፩፤ ሞተሩ እንዴት ተቀምጧል?

አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። በ4104 ሞተሩ በስተኋላ ወርዱን ተከትሎ አግድም ተጋድሟል። ኃይሉም ከካምቢዮው ወጥቶ ወደ ኋላ አክስ የሚሄደው በሰያፍ ታጥፎ ነው። ይህን አሠራር ያወጣው ድዋይት ኦስቲን የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፤ ጥቅሙ ለመንገደኛና ለዕቃ ሰፊ ቦታ መተው ነው። ጉዳቱ ግን ለጭነት መኪና የተሠራ ተራ ካምቢዮ በዚያ ቦታ አለመግባቱ ነው።

የሞተሩም የዙር አቅጣጫ ሌላ ጥያቄ ነው። የ71 ተከታታይ ሞተሮች ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንዲዞሩ ሆነው ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ በ4104 የሚገኘውም ከተለመደው በተቃራኒ ይዞራል። ይህን ሳያጣራ ሞተርና ካምቢዮ ከልዩ ልዩ መኪና አምጥቶ የሚያጋጥም ሰው፤ አንድ የፊት ማርሽና አራት የኋላ ማርሽ ያለው አውቶቡስ ሊያገኝ ይችላል።

በካናዳ የተሠሩት ኤም.ሲ.አይ. አውቶቡሶች፤ ለምሳሌ ኤም.ሲ. 5 እና ኤም.ሲ. 7፤ ሞተራቸው በቁመት የተቀመጠ ነው። ለነዚህ የጭነት መኪና ካምቢዮ መግጠም ስለሚቻል ምርጫው ይሰፋል።

፪፤ ይገጥማልን?

የሞተሩና የካምቢዮው መገናኛ ሽፋን በቁጥር የተመደበ ልክ አለው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽፋኑ ይሰፋል። ስለዚህ የሁለቱ ቁጥር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ የሚሰካበትም ዘንግ ውፍረቱና የጥርሱ ብዛት ሊለያይ ይችላል።

ርዝመቱም ሊለካ ይገባዋል። ሞተሩ ከኋላ በሆነ አውቶቡስ በካምቢዮውና በአክሱ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ረዘም ያለ ካምቢዮ ሲገባ የካርዳኑ ዘንግ ያጥራል፤ ሲያጥርም የክሮቼራው ማዕዘን ይጨምራል፤ ማዕዘኑ ሲበዛ ክሮቼራው ይንቀጠቀጣል፤ ቶሎም ያልቃል። ከዚህም በላይ ነጂው ከፊት፤ ካምቢዮው ከኋላ ስለሆነ ማርሹ የሚለወጠው ረጃጅም ዘንጎችን በመሳብ ነው። የዘንጎቹ መገጣጠሚያ ከላላ አዲሱም ካምቢዮ እንደ አሮጌው አስቸጋሪ መስሎ ይታያል።

፫፤ ስንት ማርሽ፤ በምንስ ልክ?

ነገሩን በስሌት እንየው። የሞተሩ ከፍተኛ ዙር በደቂቃ 2,100፤ የአክሱ ልክ 4.1፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው 3.2 ሜትር ነው እንበል። የመጨረሻው ማርሽ አንድ ለአንድ ቢሆን አውቶቡሱ በሰዓት 98 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሞተሩም ዘወትር በጫፉ ይጮሃል። የመጨረሻው ማርሽ 0.8 ቢሆን ግን ያንኑ ፍጥነት በ1,680 ዙር ያገኛል። በሜዳ ላይ ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው።

ዳገት ላይ ግን ሌላ ነው። ሦስተኛው ማርሽ 1.5፤ አራተኛው 1 ቢሆን፤ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲለወጥ ሞተሩ ከ2,100 ወደ 1,400 ዙር ይወድቃል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዙሩ ወርዶ ሲጨነቅ ይደክማል፤ ይግላልም። በማርሾቹ መካከል ያለው ልዩነት 1.3 ብቻ ቢሆን ግን ወደ 1,615 ብቻ ይወርዳል። ባለ አሥር ማርሹ የፉለር ሮድሬንጀር ካምቢዮ የሚፈለገው ስለዚህ ነው። ይህ ካምቢዮ አምስት ማርሽ ካለው ዋና ክፍል በስተኋላ ሁለት ደረጃ ያለው ተጨማሪ ክፍል ተያይዞበት የተሠራ ነው። ደረጃው የሚለወጠው በታመቀ አየር ሲሆን፤ አውቶቡሱ ለፍሬኑ አየር ስላለው ይህ ችግር አይሆንም።

፬፤ ቁልቁለት

ብዙ ገዢዎች ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ሲያስቡ የሚዘነጉት ቁልቁለቱን ነው። ሮድሬንጀር በዋናው ክፍሉ ሲንክሮናይዘር የለውም። ነጂው ራሱ ፍሪሲዮን ረግጦ ፎሌ ያደርጋል፤ ከዚያም ፍሪሲዮኑን ለቅቆ የሞተሩን ዙር ከጥርሱ ዙር ጋር ያስተካክላል፤ ዳግመኛም ረግጦ ማርሹን ያስገባል። ይህን ያልተለማመደ ሰው በቁልቁለት መካከል ማርሽ ለመቀነስ ቢሞክርና ባይሳካለት፤ አውቶቡሱ በፎሌ ይቀራል። በፎሌ ሞተሩ መኪናውን ሊይዝለት አይችልም። አሥር ቶን የሚያህለው ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ውስጡ የተቀመጡት ደግሞ መንገደኞች ሳይሆኑ የነጂው ቤተ ሰቦች ናቸው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ የወረደ ሁሉ ደኅና ነጂ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ እንደሚያስገባ አይቷል። የዳገቱን ማርሽ ለቁልቁለቱ የሚለው የቆየ ሕግ በየትም አገር አንድ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተሉትን ለመደምደም ይቻላል። ሞተሩ አግድም ለሆነ አውቶቡስ የተሻለው የራሱን ካምቢዮ ማሳደስ፤ ወይም ከዚያው ዓይነት አውቶቡስ የወጣ ደኅና ካምቢዮ መግዛት ነው። ሞተሩ በቁመት ለሆነ ግን ብዙ ማርሽ ያለው የጭነት መኪና ካምቢዮ ይጠቅማል፤ ይህም መገናኛው፤ ርዝመቱና የአክሱ ልክ ከተመረመረ በኋላ፤ ነጂውም ጭነት በሌለበት ሜዳ አጥብቆ ከተለማመደ ነው። ካምቢዮ የሚመረጠው ለሞተሩ ብቻ ሳይሆን፤ ለሚወረደው ቁልቁለትና ለሚነዳው እጅ ጭምር መሆኑን ማስታወስ ይገባል።