የድጋፍ ገንዘብ በየትኛው በር ይግባ?

ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ አነስተኛ ንግድን ቶሎ የሚጥለው የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው፤ ገበያው ከወራት በኋላ ቢያገግምም የዛሬን ኪራይና ደመወዝ መክፈል ያቃተው ሱቅ ያን ቀን አያይም። ስለዚህ መንግሥት የሚሰጠው ድጋፍ መፍጠን አለበት። ፍጥነት ብቻውን ግን አድልዎ ያመጣል። አሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ በዋናነት ለደመወዝ ከዋለ የሚሰረዝ የ349 ቢሊዮን ዶላር ብድር በባንኮች በኩል አቀረበች። ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ከባንክ ጋር የቆየ ትውውቅ ያላቸው ቀደሙ፤ ብዙ ጥቃቅን ድርጅቶች (ዕቅዱ የታሰበው ለእነሱም ነበር) ከወረፋው ኋላ ቀሩ። በሁለተኛው ዙር 60 ቢሊዮን ዶላር ለአነስተኛና መካከለኛ አበዳሪዎች ተለይቶ የተቀመጠው ይህን ለማረም ነው።

«ድጋፉ ለማን እንደሚገባ ማጣራት ይቅደም ከተባለ ገንዘቡ የሚደርሰው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተገቢ ስጋት ነው፤ ነገር ግን ማጣራቱ ችግሩ በደረሰ ቀን መጀመር የለበትም። ጀርመን የሥራ ሰዓት የቀነሱ ድርጅቶችን ሠራተኞች ደመወዝ የምትደጉምበት ሕግ አስቀድሞ ነበራት። በ2009 እ.ኤ.አ. ኢኮኖሚዋ ከ5 በመቶ በላይ ሲያሽቆለቁል፣ ድጎማው ብቻውን ባያደርገውም፣ ሥራ አጥነቱ እምብዛም አልጨመረም። ይህ ድጎማ ግን የሚመለከተው ተቀጣሪዎችን ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ባለሱቅ አያገኘውም።