ብሉ ሬይ ዲስክና የድሮ ፊልም ጥራት

ብሉ ሬይ ዲስክ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ መልኩ ከሲዲና ከዲቪዲ የማይለይ፣ የሚይዘው ምስል ግን ከሁለቱም እጅግ የላቀ የፊልም መያዣ ነው። ሦስቱም የሚነበቡት ሌዘር በተባለ ቀጭን የብርሃን ጨረር ሲሆን፣ ልዩነታቸው የሚመነጨው ከጨረሩ የሞገድ ርዝመት ነው፤ ሲዲ 780፣ ዲቪዲ 650፣ ብሉ ሬይ ደግሞ 405 ናኖ ሜትር ርዝመት ባለው ሰማያዊ ጨረር ይነበባሉ (ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ጫፉ በቀጠነ ብዕር በአንድ ገጽ ላይ ብዙ መስመር እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ጨረሩ በቀጠነ መጠን በዲስኩ ላይ የሚሰፍረው መረጃ ይበዛል፤ ስለዚህ ሲዲ 700 ሜጋ ባይት፣ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ሲይዙ፣ ባለ አንድ ንብርብር ብሉ ሬይ 25፣ ባለ ሁለቱ ደግሞ 50 ጊጋ ባይት ይይዛል። ዲስኩ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ ቀርቦ፣ ኤችዲ ዲቪዲ የተባለው ተፎካካሪው ከሁለት ዓመት በኋላ ሜዳውን ለቆለታል። ስለ አሠራሩ ይህን ያህል ይበቃል።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሮቢት፣ እንደ ሌሎቹ የራያ ቆላ ከተሞች ሁሉ፣ ፊልም በመጀመሪያ በቪዲዮ ቤት፣ ቀጥሎ በቪሲዲና በዲቪዲ ዴክ፣ ዛሬ ደግሞ በፍላሽና በስልክ የሚታይ ነገር ሆኗል። ብሉ ሬይ በዚህ መንገድ ላይ እግሩን ሳያሳርፍ አልፏል ማለት ይቻላል፤ በዚህም የተነሳ በአገሩ ሁሉ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ ግምት የሚያርመው ሳያገኝ ቀርቷል። ግምቱም፣ የድሮ ፊልም በድሮ ካሜራ ስለተነሳ ምስሉ ከመነሻው ደብዛዛ ነው፣ ኤችዲ የሚባለው ጥራትም ለአዲስ ፊልም እንጂ ለድሮው አይጠቅምም የሚል ነው። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ በመሆኑ፣ ይህን ስሕተት ሳያርሙ ስለ ዲስክ መሰብሰብ መናገር ዋጋ የለውም።

የድሮ ፊልም የሚቀረጸው በፊልም ክር ላይ ነው። የፊልም ክር ማለት ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚለወጡ ጥቃቅን የብር ውህድ ቅንጣቶች የተቀቡበት፣ በዳርና በዳሩ ቀዳዳ ያለው ረጅም ጥቅል ሲሆን፣ ለሲኒማ በብዛት ያገለገለው ወርዱ 35 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ካሜራው በእያንዳንዱ ሴኮንድ 24 ፎቶግራፍ ስለሚያነሳ፣ የ100 ደቂቃ ፊልም ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ክር ይጨርሳል፤ በዚህ ክር ላይ ከ140 ሺህ የሚበልጡ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱን በአጉሊ መነጽር የተመለከተ ሰው የሸሚዝ ሽመናና የፊት ላይ ላብ ሳይቀር ተለይቶ ያገኛል። ካሜራው ውስጥ ያለፈው የመጀመሪያው ክር፣ ኔጌቲቭ የሚባለው፣ በጥንቃቄ ተቀምጦ ከሆነ፣ ከ50 ዓመት በኋላም ይህ ሁሉ ዝርዝር በቦታው አለ።

ታዲያ ተመልካቹ ያየው ደብዛዛ ምስል ከየት መጣ? ከመንገዱ ነው። ከኔጌቲቩ ለሲኒማ ቤት ቅጂ ይታተማል፤ ቅጂው ወደ ቪዲዮ ካሴት ይገለበጣል፤ ካሴቱ ደግሞ በአግድም ሊለያቸው የሚችለው ነጥቦች 240 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ካሴቱ ከካሴት ይቀዳል፤ በመጨረሻም የተቀዳው ወደ ቪሲዲ ይጨመቃል። ቪሲዲ 352 በ288፣ ማለትም 100 ሺህ ያህል ነጥብ ያለው ምስል ሲያሳይ፣ ዲቪዲ 415 ሺህ ያህል፣ ብሉ ሬይ ከ2 ሚሊዮን በላይ፣ ባለ 4ኬው ዲስክ ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ያሳያል። በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የካራቴ ፊልም የተመለከተ ወጣት ያየው፣ ፊልሙ በየጣቢያው ከተራገፈ በኋላ የተረፈውን ነው። ፊልሙ ራሱ ግን በማኅደር ውስጥ እንደነበረ ተቀምጦ ነበር።

ግምቱ ምን ያህል የተገለበጠ እንደሆነ የሚያሳየው የራሳችን ፊልም ታሪክ ነው። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው» እና በ1966 ዓ.ም. የወጣው «ጉማ» በፊልም ክር የተሠሩ ናቸው። ኃይሌ ገሪማ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መውደቂያ ሰሞን ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ፣ ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር በሆነ ክር የተቀረጸ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጣሊያን የቦሎኛ ከተማ የፊልም ማኅደር ታድሷል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲኒማ ቤቶቻችንን የሞሉት የአማርኛ ፊልሞች ግን በአብዛኛው በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በጊዜው የተለመደው የዲጂታል ቪዲዮ ካሜራ ራሱ ከ720 በ576 ነጥብ በላይ አያነሳም። እንግዲህ የአያቶች ዘመን ፊልም ለብሉ ሬይ የሚበቃ ዝርዝር ሲኖረው፣ የልጅ ልጆቹ ፊልም ዲቪዲውን ሞልቶ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታየው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» በ35 ሚሊ ሜትር ክር መቀረጹ በዚህ ረገድ ሊመሰገን የሚገባው ውሳኔ ነው።

ለሰብሳቢ የተሻለ መማሪያ የሚሆኑት ግን ሦስቱ የሻፍት ፊልሞች ናቸው። ሪቻርድ ራውንድትሪ ጆን ሻፍት የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ የግል መርማሪ ሆኖ የተጫወተባቸው እነዚህ ፊልሞች፣ «ሻፍት» በ1971፣ «ሻፍትስ ቢግ ስኮር» በ1972፣ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በ1973 እ.ኤ.አ. የወጡ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጎርደን ፓርክስ፣ ሦስተኛውን ጆን ጊለርሚን አዘጋጅተዋቸዋል። ሦስተኛው ፊልም ከፊሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን፣ ታሪኩም ሻፍት ሰዎችን በባርነት ወደ አውሮፓ የሚያሻግር ቡድን ለማጋለጥ የጉልበት ሠራተኛ መስሎ መጓዙ ነው፤ ታላቁ የመድረክ ሰው ደበበ እሸቱም ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ተጫውቶበታል። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው ሰኔ 1965 ዓ.ም. ነበር፤ አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ የብሪታንያ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ዘገባ አሳየ። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ የወጣው ምስል ከሞላ ጎደል በዚህ የረሃብ ዘገባ ብቻ መታወሱ ያሳዝናል፤ የዚያ ዘመን ሰማይ፣ መንገድና ፊት በሙሉ ቀለሙ የሰፈረበት ክር መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የሻፍት ፊልሞች ሌላ የሚያስተምሩት ነገር አለ፤ እርሱም የምስል ቅርጽ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ወርዱ የቁመቱ 1.85 እጥፍ ሲሆን፣ ሁለቱ ተከታዮቹ ግን ፓናቪዥን በተባለ ሌንስ ስለተነሱ ወርዳቸው የቁመታቸው 2.35 እጥፍ ነው። ይህ ሌንስ ሰፊውን ትዕይንት በአግድም ወደ ግማሽ አጣብቆ በክሩ ላይ ያሰፍረዋል፤ በሲኒማ ቤት ያለው ማሳያ ደግሞ መልሶ ይዘረጋዋል። እንዲህ ያለው ምስል በዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይተርፋል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ተመልካች ፊልሙ የተቆረጠ መስሎት ሪሞቱን አንስቶ ምስሉን ያሳድገዋል ወይም ይለጥጠዋል። የተቆረጠው ግን ያኔ ነው። ስክሪኑን እስኪሞላ ያደገ ባለ 2.35 ምስል ከግራና ከቀኙ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል፤ በድሮው ካሬ መሰል ቴሌቪዥን እንዲሞላ የተዘጋጀው ካሴትማ ከ40 በመቶ በላይ ያጣ ነበር። የተለጠጠው ደግሞ ሰዉን ሁሉ ያቀጥነዋል። ጥቁሩ መስመር ጉድለት ሳይሆን ምስሉ ሙሉ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነውና፣ ሪሞቱን ማስቀመጥ ይገባል።

ከዚሁ ጋር የሚታረም ሌላ ልማድ አለ። በብሉ ሬይ የታየ የፊልም ክር ምስል ላይ ቅንጣት መሰል ነገር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ይህ አቧራ ወይም የመቅረጫ ብልሽት ሳይሆን ምስሉ የተሠራበት ቅንጣት ራሱ ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ይህን ለማጥፋትና እንቅስቃሴውን ለማለስለስ ከፋብሪካ ተስተካክለው ስለሚወጡ፣ ፊትን ሰም የተቀባ፣ ትዕይንቱን የቀጥታ ስርጭት ያስመስሉታል። እነዚህን ማስተካከያዎች ማጥፋት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ ዲስኩን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ድምፁም ከጥራት ውጭ አይደለም። በኢትዮጵያና በአውሮፓ ያገለገለው ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሴኮንድ 25 ምስል ስለሚያሳይ፣ በ24 የተቀረጸው ፊልም ለዲቪዲ ሲዘጋጅ በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ የ100 ደቂቃው «ሻፍት» በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ አይዛክ ሄይስ የኦስካር ሽልማት ያገኘበት የመክፈቻ ዜማም ከተቀዳበት ቅኝት ከፍ ብሎ ይሰማል። ብሉ ሬይ በሴኮንድ 24 ምስል ማሳየት ስለሚችል ዜማውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ዜማ የሚወድ ሰው ለዚህ ብቻ ሲል ዲስኩን ቢገዛ አይፈረድበትም።

መሰብሰብ ሲባል ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የክልል ኮድ ነው፤ ይህም አምራቾች አንድ ዲስክ በተወሰነ የዓለም ክፍል ብቻ እንዲሠራ የሚያስሩበት ምልክት ነው። በዲቪዲ ኢትዮጵያ ክልል 5፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ክልል 2፣ አሜሪካ ክልል 1 ናቸው፤ በብሉ ሬይ ደግሞ አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በአንድነት ቢ ሲሆኑ አሜሪካ ኤ ነው። ስለዚህ ከጅዳ በተላከ ማጫወቻ ላይ አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ዲስክ አልከፈትም ሊል ይችላል፤ ጥፋቱ ከመግዛት በፊት በሣጥኑ ጀርባ ያለውን ፊደል አለማየት ነው። ባለ 4ኬው ዲስክ ከዚህ እስራት ነጻ ነው። ክራይቴሪየን የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰውን «ሻፍት» በ4ኬና በብሉ ሬይ ሲያወጣ ሁለተኛውን ፊልም አብሮ አካቷል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸው ሦስተኛው ግን በዚያ ሣጥን ውስጥ የለም፣ ለብቻው መፈለግ አለበት።

ፊልሙ በፍላሽ እያለ ዲስክ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ በቁጥር ይመለሳል። በፍላሽ የሚዞረው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ 1 ጊጋ ባይት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ብሉ ሬዩ ለዚያው ፊልም 30 እና 40 ጊጋ ባይት ሊመድብ ይችላል። አሥር ፊልም የታጨቀበት የገበያ ዲቪዲም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ባለ ሁለት ንብርብር እንኳ ቢሆን 8.5 ጊጋ ባይቱ ለአሥር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1 ጊጋ አይደርስም። በጨለማ ትዕይንት ላይ ካሬ ካሬ እየሆነ የሚንቀጠቀጠው ምስል የዚህ ውጤት ነው።

በራያ ቆላ ሙቀትና አቧራ ዲስክ መያዝ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ የላይኛው ገጽ ጭረት ይገድለዋል፤ በብሉ ሬይ ግን መረጃው ከታችኛው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ስለሚገኝ፣ ጭረት በሚከላከል ጠንካራ ቅብ ተሸፍኗል። ቅቡ ጠንካራ ነው ተብሎ ግን ዲስክ በጠረጴዛ ላይ በደረቱ አይደፋም። ሲወለወልም በነጠላ ጫፍ ዙሪያውን ማሸት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ማጫወቻው መረጃውን የሚያነበው በዙሪያ እየተጓዘ ስለሆነ፣ በዙሪያ የተጫረ ጭረት ተከታታይ የሆነ ረጅም ክፍል ያበላሻል፣ ከመሐል ወደ ዳር የተጫረው ግን አጭር አጭር ክፍተት ብቻ ስለሚፈጥር ማጫወቻው ያስተካክለዋል። ስለዚህ ለስላሳ ጨርቅ ይዞ ከመሐል ወደ ዳር መጥረግ ነው። ዲስኮች ቆመው እንጂ ተደራርበው አይቀመጡም፤ ቀትር ላይ ከሚግል የቆርቆሮ ግድግዳም መራቅ አለባቸው። ሱቅ ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ዲቪዲ በተለይ ፀሐይ አይወድም፤ መረጃው የሰፈረው ብርሃንና ሙቀት በሚያደበዝዙት ቀለም ላይ ነውና። ይህ ዓይነቱ ከሥሩ ሲታይ ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ በፋብሪካ የታተመው ግን ብር መሰል ነው።

ይህ ልዩነት ለአማርኛ ፊልም ሰብሳቢም ይሠራል። በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩት ፊልሞች የተሻለ ኔጌቲቭ የሚባል ነገር ስለሌላቸው፣ በፋብሪካ የታተመው ዋናው ዲቪዲ ለሕዝብ ከደረሱት ቅጂዎች ሁሉ የተሻለው ሊሆን ይችላል። በሁለት ቪሲዲ ተከፍሎ የተሸጠ ፊልም በእጁ ያለ ሰው፣ ያው ፊልም በዲቪዲ ታትሞ እንደሆነ ቢያጠያይቅ ከአራት እጥፍ በላይ ነጥብ ያገኛል፤ በዲቪዲ ካልታተመ ደግሞ ሁለቱንም ዲስኮች ሳይነጣጥል፣ ከነሽፋናቸው ያቆያቸው፤ የተዋንያኑና የባለሙያዎቹ ስም ብዙ ጊዜ ተጽፎ የሚገኘው በዚያ ሽፋን ላይ ነው።